ረዥም እጅጌ

ጠዳን የሚያውቃት ያውቃታል። ለማያውቃት ግን፣ ከጎንደር ተነስታችሁ የባሕር ዳሩን መንገድ ይዛችሁ አዘዞን አለፍ እንዳላችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት፤ ገበያ አላት፤ በበጋ ደግሞ አናት የሚበሳ ፀሐይ አላት። በዚያ ፀሐይ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ደረቱን ከፍቶ ሲሄድ አንድ ሰውዬ ብቻ ሸሚዙን እስከ አንጓው ቆልፎ፣ ኮሌታውን አቁሞ ስታዩት «ይኼ ሰው ወባ ይዞታል እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ወባ አልያዘኝም።

የያዘኝ ሶሪያሲስ ይባላል። በሃያ ስምንት ዓመቴ በክርኔ ላይ የሳንቲም ታህል ቀይ ነገር ወጣች። ላይዋ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ይላጣል። ከዚያ ሌላው ክርኔ፣ ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ የራስ ቅሌ። ሐኪሞቹ እንደነገሩኝ የጤነኛ ሰው ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በአንድ ወር ገደማ ሲሆን የእኔ ግን በቀናት ውስጥ ጨርሶ ቁጭ ይላል። እንዲያው ሥራ ወዳድ ቆዳ ነው የሰጠኝ! ችግሩ ከገዛ ሰውነት የመከላከያ ኃይል መሳሳት የሚመጣ እንጂ ተሐዋስያን አይደለም፤ ስለዚህም አይጋባም። በመጨባበጥም፣ አብሮ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም አይጋባም። ይኼን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ምላሴ ሰለቸው እንጂ ሰሚው አልበዛም።

አንድ ቀን ጎንደር ላይ ጸጉሬን ልስተካከል አንድ ቤት ገባሁ። ልጁ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ፤ ማበጠሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሰደደው፤ ቆመ። በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማሽኑ ተበላሽቶብኛል» አለኝ በትሕትና። እኔም በትሕትና ተነሳሁ። ደረጃውን ወርጄ አስፋልቱን ሳልሻገር ማሽኑ «ዝዝዝዝ» ሲል ሰማሁት። ልጁን አልቀየምኩትም። እንጀራው ነው፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ደንበኛ ነገ እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው። ግን ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ ያልነገረን ነገር አለ። በሽታውን ያልሸሸገስ ምን ይገኝለታል? እኔ አልሸሽግም ባልኩ ጊዜ ሰዉ ከእኔ ተሸሸገ። ሰርግ ቤት ከመሶቡ ዙሪያ ስቀመጥ አንዱ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይነሳል፤ እንጀራው ገና አልተቆረሰም። ጉርሻማ የተረሳ ነገር ነው። እኛ አገር ሰው መወደዱን የሚያውቀው በጉርሻ አይደል? ከባለቤቴ በቀር አጉራሽ የለኝም። እሷም ትኑርልኝ።

ልብ በሉልኝ፣ ቋንቋችን ለቆዳ በሽታ ስም አላነሰውም። ችፌ፣ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ እከክ፣ ማዲያት፣ ለምጽ፣ ቁንጭር። ቆዳው ላይ ያለውን ሁሉ ለይተን ስም ሰጥተነዋል። ከቆዳው ሥር ላለው ግን ያለችን አንዲት ቃል ናት፤ «ተወው ባክህ፣ ቆዳ ብቻ ነው»።

ቆዳ ብቻ አይደለም። የሕክምና መጽሐፍ እንደሚለው በእናታችን ማኅፀን ሳለን የላይኛው ቆዳችንና አእምሯችን የሚበቅሉት ከአንድ የሕዋስ ሽፋን ነው። አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ሲያመው ሌላው ያቃስታል። ጭንቀት ሲበዛብኝ ቁስሌ ይብሳል፤ ቁስሌ ሲብስ ጭንቀቴ ይበዛል። ይኼ አዙሪት የእኔ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ሶሪያሲስ ውሳኔ አሳልፏል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በሽታው ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሰው እንደያዘና ድብርትና መገለልን እንደሚያስከትል ጽፏል። በግንቦት 2017 ዓ.ም ጉባኤው የቆዳ በሽታዎችን በጠቅላላ የዓለም የጤና አጀንዳ ያደረገ ሌላ ውሳኔ አጽድቋል። ጄኔቭ ላይ ሰምተውናል ማለት ነው። ሰርግ ቤቱ ነው የቀረው።

በነገራችን ላይ ይኼ ነገር ሀብታምና ድሀ አይለይም። ማይክል ጃክሰንን አስታውሱት። በ1985 እ.ኤ.አ. በእኛው ረሃብ ጊዜ ገንዘብ የተሰበሰበበትን ዘፈን ከላዮኔል ሪቺ ጋር የጻፈው እሱ ነው። እኛ ግን ቡና ላይ ስናነሳው «ጥቁርነቱን ጠልቶ ቆዳውን አስነጣ» ስንል ነበር። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም። ሰውዬው በ1993 እ.ኤ.አ. ለኦፕራ ዊንፍሬይ ቆዳውን የሚያነጣ በሽታ እንዳለበት ቢናገርም ያመነው ጥቂት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሞት የአስከሬን ምርመራው ለምጽ እንደነበረበት አረጋገጠ። ለመታመን መሞት ነበረበት።

ወደ እኔ ነገር ልመለስ። በ2014 ዓ.ም የእህቴ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ለፋሲካ መጣች። ቡናው ሲፈላ ረዥም እጅጌዬን አየችው፤ ፊቴን አየችው።

«ጋሼ፣ እስቲ ስልክዎን ያምጡት» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«መተግበሪያ ልጫንልዎት። እንደ እርስዎ ላሉ ሰዎች የተሠራ ነው።»

«ቅባት አለው?»

«ቅባት የለውም። ይጠይቅዎታል፣ እርስዎ ይመልሳሉ።»

ሳቅሁ። ሐኪም ያላዳነውን፣ ፀበል ያላደረቀውን፣ ስልክ ሊጠይቅልኝ! ለነገሩ ልጅ ስታስቸግር እምቢ አይባልም። ጫነችው። ነገሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እየተረጎመች ታነብልኛለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ቆዳዎ ምን ያህል አሳከከዎት?» የሚል ነው። እሺ፤ ይኼን ሐኪሞቹም ይጠይቁኛል። ሁለተኛውን አነበበች፤ «ዛሬ በቆዳዎ ምክንያት ከሰው የሸሹበት ጊዜ ነበር?»

ስኒውን አስቀመጥኩት። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የት እንደሚያሳክከኝ ያልጠየቀኝ ባለሙያ የለም። ከማን እንደምሸሽ የጠየቀኝ ግን ያ ዕቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ማታ ማታ ሦስት ነገር ትጽፋላችሁ። ምን ሆነ? ያን ጊዜ ምን አሰብኩ? ላሰብኩት ነገር ማስረጃዬ ምንድን ነው? የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከመተግበሪያው በፊት በወረቀት ሲሠሩበት የኖሩበት ዘዴ ነው። እኔም ጀመርኩ። «ሚኒባስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ተነስታ ወደ ፊት ሄደች። ሸሸችኝ ብዬ አሰብኩ። ማስረጃ? አዘዞ ስንደርስ ወረደች፤ ለመውረድ ነው የተጠጋችው።» በሌላ ቀን «ባልደረባዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ተጸየፈኝ አልኩ። ማስረጃ? ከሰዓት መጥቶ ብድር ጠየቀኝ።» እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስጽፍ ለካስ ከቆጠርኳቸው መገፋቶች ብዙዎቹ እኔው የፈበረክኳቸው ናቸው! ሰው ሳይሸሸኝ እኔ ቀድሜ እሸሽ ነበር።

ማሽን ስለሆነም ይሆናል አንደበቴ የተፈታው። ፊቱን አያጨማድድም። «ውይ» አይልም። ለጎረቤት አያወራም። ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. ኤላይዛ የምትባል እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም የምትጠይቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አስተዋውቆ ነበር። ሲሠራ ያየችው የገዛ ጸሐፊው ጥቂት ከማሽኑ ጋር ከተጻጻፈች በኋላ «እባክህ ክፍሉን ልቀቅልን» አለችው። ሰውየው ደነገጠ፤ ኋላም ማሽን ሰውን ይተካል የሚሉትን ሲሞግት ኖረ። እኔ ጸሐፊዋ ትገባኛለች። ዋይዘንባውምም ይገባኛል።

ምክንያቱም መካሪው የራሱ ጉድ አለው። አንድ ማታ ከፍቶኛል ብዬ ብጽፍ «ሻማ አብርተህ በሞቀ ገንዳ ውስጥ ዘና በል» አለኝ። እኛ ቤት ሻማ የሚበራው መብራት ሲሄድ ነው፤ ውሃውም ብዙ ጊዜ አብሮት ይሄዳል። በሌላ ቀን ባሕር ዳርቻ እንድንሸራሸር መከረኝ። ባሕር ዳር እሄዳለሁ ቢባልም የመኪናው ይበዛል። ደግሞ በስሜ ነው የሚጠራኝ፣ እንደ እኩያው። የእህቴ ልጅ አንቱ እያለች ባትተረጉመው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እንጣላ ነበር። ስልኩ ከዚያ ወዲህ የቅባት ማስታወቂያ ያመጣብኝም ጀመር። ለቆዳ በሽታ ብላችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት እንዳትለምዱ። ለጊዜው ያጠራል፤ ሲውል ሲያድር ቆዳን ያሳሳል፣ ሲያቆሙትም ይብስበታል። እኔ ከፍዬ የተማርኩት ትምህርት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። መተግበሪያው በሽታዬን የሚፈልገው ከሐሳቤ ውስጥ ነው። «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ይላል። ጸጉር ቆራጩን ጻፍኩለት። ማስረጃ? ማሽኑ «ዝዝዝዝ» ብሏል። ሰርግ ቤቱን ጻፍኩለት። ማስረጃ? እንጀራው አልተቆረሰም ነበር። እንግዲህ ምን ይበለኝ? «በጥልቀት ተንፍስ» አለኝ። ተነፈስኩ። ሰርግ ቤቱ ግን ያው ሰርግ ቤት ነው። የእኔን ሐሳብ ማረም ይቻላል፤ የጎረቤትን ፍርሃት በእኔ ስልክ ማረም አይቻልም።

ከዚያ በ2015 ዓ.ም ክረምት ግጭቱ ተፋፋመ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማም እንደተዘጋ ቆየ። መካሪዬ ስከፍተው አንዲት ክብ ነገር እያሽከረከረ ዝም። ሐዘን የበዛበት ዓመት ነበርና ስለ ቆዳ ማውራት ያሳፍር ነበር። ቆዳ ግን ዘመን አይጠብቅም፤ እንዲያውም የተኩስ ድምፅ በሰማሁ ማግስት ክርኔ ይቆስላል። የተማሪ ደብተር ገዛሁና ሦስቱን ጥያቄ በእጄ እጽፍ ጀመር። ዘዴው የስልኩ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

በዚያው ዓመት ነው ልጁ የመጣው። የጎረቤቴ የእትዬ የወንድም ልጅ ነው፤ ከወደ ወገራ ደጋ ለትምህርት የመጣ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሙቀቱ እንዲያ ሆኖ ፊቱን በሻሽ ይሸፍናል። ሁለት ወር ተምሮ ቀረ። አንድ ማታ እትዬ አጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ አንድ ነገር ይበሉት። ትምህርቱን ተወ። ቁንጭር ነው ይሉታል፣ ልጆቹ ሳቁበት።»

ቁንጭር የደጋ በሽታ ነው። ገደልና ዋሻ ባለበት አገር በሽኮኮ ላይ የሚኖር ጥገኛ ተሐዋስ አለ፤ ከዚያ ወደ ሰው የሚያሻግረው አሸዋ ዝንብ የሚሏት፣ ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት። ከሰው ወደ ሰው በመነካካት አይጋባም። የምትነድፈው ደግሞ ያልተሸፈነ ገላን ስለሆነ ፊት ላይ ይወጣል፤ አፍንጫ ላይ፣ ጉንጭ ላይ። በጊዜ ካልታከመ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ እኛ ደጃፍ ላይ ማለት ነው። ግን ስንቱ ነው ቁስሉ ከፊቱ ሳያልቅ እዚያ የሚደርስ?

ገባሁ። ልጁ ግድግዳ ዞሮ ተቀምጧል። ስለ ዝንቧና ስለ ሽኮኮው ላስተምረው አስቤ ነበር፤ ቃል አጣሁ። ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፣ የእጅጌዬን ቁልፍ ፈታሁና እስከ ክርኔ ሰበሰብኩት። ከባለቤቴና ከሐኪም በቀር ለሰው ሳሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጁ ዞሮ አየ። ረዥም ጊዜ አየ። ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎም?» አለኝ።

«እኔም።»

«ይስቁብዎታል?»

«አይስቁም። ይነሳሉ።»

አሰበበት። «መሳቅ ይሻላል» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ሻሹን ያን ቀን አላወለቀም፤ ግን አፍንጫው ድረስ ወረደ። አብሬው ቡና ጠጣሁ፤ እትዬም ከድፎው ቆርሰው ሁለታችንንም አጎረሱን። ያን ማታ ደብተሬ ላይ «ምን ሆነ?» ከሚለው ሥር አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ «ጉርሻ»።

መንገድ በተከፈተ ቁጥር ልጁን ይዤ ጎንደር ተመላለስኩ። መርፌው ቁስሉ ላይ ነው የሚወጋው፣ ያማል፤ እጄን ጨምድዶ ይይዛል። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ አመለጠን፤ እንደገና ጀመርን። ቁስሉ ደረቀ። ጠባሳው አለ፤ ይኖራልም።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ መተግበሪያ አይረባም ለማለት ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ያ ዕቃ በዚያች የፋሲካ ቀን ባይጠይቀኝ ኖሮ ልጁ ፊት እጅጌዬን የምሰበስብበት አቅም አላገኝም ነበር። አፌን ያስፈታኝ እሱ ነው። ግን አፍ ከተፈታ በኋላ ሰው ይፈለጋል። አሜሪካኖች በ2017 እ.ኤ.አ. ዎቦት የሚባል የሚያጽናና መተግበሪያ አውጥተው ነበር፤ ብዙ ሰው ገመናውን አዋየው። በሰኔ 2017 ዓ.ም፣ በእነሱ 2025 መሆኑ ነው፣ ኩባንያው ዘጋው። የእኛን ኔትወርኩ ዘጋብን፣ የእነሱን ባለቤቱ።

ዚምባብዌ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ በአገሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር መሆኑን አይቶ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጊቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዘዴው ድብርትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። አሮጊት፣ ወንበር፣ ጊዜ። የትኛው ይጎድለናል? ቡናችን እንዲያውም ሦስት ጊዜ ይፈላል።

ስለዚህ ሕልሜን ልንገራችሁ። መተግበሪያው በአማርኛ ይሁን፤ ትልቁን አንቱ፣ ትንሹን አንተ ይበል። ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሥራ። ስም አይጠይቅ፤ በእኛ አገር አንድ ስልክ የቤተሰብ ነውና የተጻፈውን የቤቱ ሰው ሁሉ እንዳያነበው በምስጢር ቁጥር ይቆለፍ። ነፍሴን ላጥፋ ለሚል ሰው በስልክ መካሪ ብቻ አይበቃምና ቶሎ ወደ ሰው፣ ወደ ሆስፒታል ይላከው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ስለ መጸዳጃና ስለ ክትባት ሲጠይቁ አንዲት ጥያቄ ይጨምሩ፤ «ከሰው የሚሸሹበት ጊዜ አለ?» ይበሉ። የሰርግ ቤቱንም ነገር ቄሱም፣ መምህሩም፣ የእድር ዳኛውም ይንገሩልን። «አይጋባም» የምትለው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ልመና ናት፤ ከእነሱ አፍ ስትወጣ ትምህርት ትሆናለች።

በቅርቡ ጠዳ ላይ ካለ ጸጉር ቤት ገባሁ። ጨርቁ ሳይታሰር ቀድሜ ተናገርኩ፤ «ራሴ ላይ ቁስል አለ፤ አይጋባም፤ ካልተመቸህ አልቀየምህም።» ልጁ አየት አድርጎ «ጋሼ፣ እኔ የምፈራው ሳይከፍል የሚወጣውን ነው» አለኝና ማሽኑን አስነሳው። «ዝዝዝዝ» አለ። ደስ ሲል!

የእትዬ ወንድም ልጅ ትምህርቱን ቀጥሏል። ባለፈው ሳምንት ማታ በአጥሩ ላይ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ሻሼን ትምህርት ቤት ረስቼው መጣሁ» አለኝ። ለፈለጋው እንኳ አልተጣደፈም።

እኔ ደግሞ ዛሬ እጅጌዬን አንድ ጥቅል ሰብስቤያለሁ። ክርኔ ጋ አልደረሰም። እንደርሳለን።